ሃያ አንድ ሞልቶታል ያልኩት ልጅ

በየካ ሚካኤል ሠፈርና ከዚያ በላይ እንጦጦ ወገቡ ላይ ባሉት ቤቶች አርባ ዓመት አዋልጃለሁ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ላይ ስለቆመ ያዋለድኳቸውን ልጆች በመዝገብ አልያዝኩም፤ በጭንቅላቴ ነው የያዝኳቸው። አንዱን ትልቁ በረዶ ቆርቆሮውን በበሳበት ሳምንት፣ አንዷን ባሕር ዛፉ በተቃጠለበት በጋ ማግስት፣ ሌላውን ታቦት በወጣበት ቀን እያሰርኩ አስታውሳለሁ። እናቶቹ ጤና ጣቢያ መሄድ ከጀመሩ ወዲህ እጄ አርፏል። ደግም ሆነ። ጭንቅላቴ ግን አላረፈም፤ በተለይ ሐቢባ ሥራ ከሰጠችው ወዲህ።

ሐቢባ ከስልጤ የመጣች ባለሱቅ ናት። ሱቋ ከቤቴ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። ጠዋት ጠዋት ከሱቋ ጎን ካለው ግንብ ሥር ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ፤ እሷ ትሸጣለች፣ እኔ አያታለሁ። አንድ ቀን ወረዳው ባለሱቆቹን ሰብስቦ ሕጉን ነገራቸው፤ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራም የሚያሰክር መጠጥም አይሸጥም። ሌሎቹ ባለሱቆች ሻያቸውን ጠጥተው ተመለሱ። ሐቢባ ግን እንደተመለሰች ካርቶን ቀድዳ በገዛ እጇ ጻፈችና በሩ ላይ ለጠፈችው። «ከ21 ዓመት በታች ሲጋራና ቢራ አንሸጥም። አትለምኑን። አታልቅሱብን።»

«ምን አስቸኮለሽ?» አልኳት።

«እማማ፣ ታናሽ ወንድሜ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው የጀመረው። የሸጠለት ሰውዬ አባቴን በየቀኑ ሰላም ይል ነበር። ያ ሰውዬ መሆን አልፈልግም።»

«ደግ። ግን ይሄ ሁሉ ጎረምሳ መታወቂያ የለው። በምን ልታውቂ ነው?»

ሳቀች። «እርስዎ እያሉ?»

እንደዚያ ተጀመረ። አንዱ መጥቶ ሲጋራ ሲል ሐቢባ አንገቷን ብቻ ወደ እኔ ታዞራለች።

«እማማ፣ ይኼስ?»

«እሱ? ሚሊኒየሙ ሊከበር መንገዱ መብራት በመብራት በሆነበት ሳምንት ነው። አልደረሰም። በእግሩ ነው የመጣው፣ እናቱን ሊገድላት ነበር።»

«እማማ! እግሬን ማንሳት ምን አስፈለገ?» ይላል ልጁ፤ ጓደኞቹ በሳቅ ይሞታሉ።

ስም አወጡልኝ። «ሲስተም» አሉኝ። ቢሮ ለጉዳይ ሲሄዱ «ሲስተም የለም» እየተባሉ ስለሚመለሱ ነው። ቅዳሴ ሄጄ ቦታዬ ባዶ ከሆነ ሐቢባን «ዛሬ ሲስተም አለ?» ይሏታል። «የለም» ትላለች። «እንግዲያው ዝም ብለሽ ሽጪልን።» «ሲስተም ከሌለ አገልግሎት የለም!» ትልና ብስኩት ታቀብላቸዋለች። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ስሙን ወደድኩት። በእርጅና ሰው ሲፈልግህ ደስ ይላል።

ጭቅጭቅ የመጣው ከጎረምሶቹ አልነበረም፤ ከሽማግሌዎቹ ነበር። በእኛ ሠፈር ልጅ ይላካል። የራስህ ይሁን የጎረቤት፣ መንገድ ላይ ያገኘኸውን «ና እስቲ፣ ሱቅ ደርሰህ ና» ትለዋለህ፤ ይሮጣል፤ ትመርቀዋለህ። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ጸሐዬ የልጅ ልጃቸውን መቅደላዊትን ለሲጋራ ይልኳት ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሐቢባ ባዶ እጇን መለሰቻት። አቶ ጸሐዬ በከዘራቸው መሬቱን እየወጉ መጡ።

«ልጅ መላክ ነውር ሆነ እንዴ? ለእኔ ነው እኮ!»

«አባባ፣ ለእርስዎ እሸጣለሁ። ለእሷ ግን እጄን ዘርግቼ አልሰጥም። ዛሬ ለአያቷ፣ ነገ ለራሷ ነው።»

«እኔስ ደርሻለሁ?» አሉ በብስጭት ወደ እኔ ዞረው።

«እርስዎን አላዋለድኩም፤ ሲስተም ውስጥ የሉም» አልኳቸው።

መጀመሪያ ከዘራቸውን አነሡ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሳቸው እየመጡ ይገዛሉ። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ሲጋራቸውን በግማሽ ቀነሱት፤ ይሄን የነገረችኝ መቅደላዊት ናት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደግሞ ናኦል የሚባል ወጣት ከሲ.ኤም.ሲ በመኪና መጣ። ንጹሕ ልብስ፣ ጥሩ ሽታ፣ ጥሩ ምላስ። ባንኮኒው ላይ አብረቅራቂ ፓኬቶች ደረደረ። ውስጡ የድብ ቅርፅ ያለው ለስላሳ ከረሜላ ነው፤ ላዩ ላይ ጣቶቹን የዘረጋ ቅጠል ተሥሏል።

«ሐቢብዬ፣ ውጭ አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው የሚሸጠው። ናቹራል ነው። ሄምፕ ይባላል፤ ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ ነው። አያሰክርም፣ ኖርማል ነው።»

«ሄምፕ ማለት ምንድን ነው?» አለችው።

«ተክል ነዋ። የሚያሰክረው ዘመዱ ነው፤ ይሄ ደህነኛው ነው።»

«እስቲ አምጪው» አልኳት። የፈረንጅ ፊደል አላነብም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ። ጥጉ ላይ ሃያ አንድ ተጽፎ ከጎኑ የመደመር ምልክት አለ። «ይሄ ሃያ አንድ የምን ነው?»

ናኦል ፈገግ አለ። «እሱ... እዚያ አገር ከሃያ አንድ በላይ ለሆነ ነው የሚሸጡት። የእነሱ ሕግ ነው። እኛ ጋ ማንም አያውቀውም።»

ሐቢባ ፓኬቶቹን አንድ በአንድ መልሳ ቦርሳው ውስጥ ከተተችለት። «ዕድሜ የሚጠይቅ ከረሜላ ከረሜላ አይደለም። የእኔን ከረሜላ የሚበላው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? መቅደላዊት ናት። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ልጅ ይበላዋል ብለው ፈርተው ቁጥር ጻፉበት። አንተ ደግሞ ቁጥሩ በማይነበብበት አገር አመጣኸው። ጎበዝ!»

«እናንተ ሰዎች ገና ብዙ ይቀራችኋል» ብሎ ሄደ።

«ይቅርብን» አለች ከኋላው።

ያን ቀን ኮራሁባት። ግን ኩራት ዓይን ይጋርዳል መሰለኝ፤ ከወር በኋላ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ።

የካቲት ማለቂያ ላይ ይድነቃቸው መጣ። የሰገነት ልጅ ነው። ሰገነት ባሏን በወጣትነቷ አጥታ ልብስ እየሰፋች ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ልጁ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ አሉሚኒየም ቤት ይሠራል፤ በርና መስኮት ይገጥማል። ቁመቱ የሱቁን በር ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ጺሙ ሙሉ ነው፤ ድምፁ እንደ ቄስ ወፍራም። አንድ ፓኮ ሲጋራ አለ። ሐቢባ አንገቷን አዞረች።

«የሰገነት ልጅ? በሚካኤል ዕለት ነው!» አልኩ፤ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። «ዘጠና ስድስት፣ ኅዳር ሚካኤል። ታቦቱ ሲገባ እልልታው ከውጭ ይሰማ ነበር። ኅዳር ላይ ሃያ አንድ ሞልቶታል።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ነገር ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ተወው። ፓኮውን ይዞ ወጣ።

መጋቢት ላይ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ አንዲት ተማሪ ያንን የድብ ከረሜላ ሦስት ፍሬ በልታ ታክሲ ውስጥ ራሷን ሳተች። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። ከናኦል ትሁን ከሌላ የገዛችው አልተጣራም። ወላጅ ሁሉ ተነሣ፤ ወረዳውም ተነሣ። ከረሜላውን ፍለጋ የወጡት ተቆጣጣሪዎች በዚያው ለልጅ የማይሸጠውን ሁሉ መፈተሽ ያዙ። ጊዜው ረመዳን ነው፤ የእኛም ሁዳዴ ነው፤ ሐቢባም እኔም ጾመኞች ነን። ለዒድ አሥር ቀን ቀርቶታል። የሐቢባ ሱቅ በዓመት ውስጥ ደህና የሚሸጥባቸው ቀኖች እነዚያ ናቸው፤ ተምሩም፣ ዘይቱም፣ ዱቄቱም እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። የሁለቱን ልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ የምታወጣው ከዚያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ይድነቃቸውን መካከላቸው አድርገው መጡ። መገናኛ ታክሲ መያዣው ጋ ከጎረምሶች ጋር ሲያጨስ አግኝተውት ነው። አንደኛው ተቆጣጣሪ ኦልያድ የሚባል ወጣት ነው፤ ሥርዓት ያለው ልጅ። ፓኮውን ባንኮኒው ላይ አደረገው።

«እዚህ ነው የገዛው ወይ?»

«አዎ፣ ከእኔ ነው» አለች ሐቢባ።

«መታወቂያ የለውም፤ የልደት ካርድም የለውም። ዕድሜውን በምን አወቁ?»

አንገቷ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ሊዞር ሲጀምር አየሁት። መንገድ ላይ አቆመችው። ፊቷን ወደ ኦልያድ መለሰች።

«ጺሙን አየሁ፣ ገመትኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እኔን አላነሣችም። የተጠየቀችው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የዒድ ዕቃ ከኋላዋ ተቆልሎ ነው፤ ግን የአሮጊቷን ስም ከአፏ አላወጣችም። ከግንቡ ሥር ተነሣሁ።

«ልጄ፣ አልገመተችም። እኔን ጠይቃ ነው።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሲስተም!» አሉ ከኋላ የተኮለኮሉት ጎረምሶች ባንድ ድምፅ። ኦልያድም ሳቁን መያዝ አቃተው። ነገሩን አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ሕጉ የሚፈልገው መታወቂያ ነው፤ ይሄን ለወደፊቱ ልብ በሉ። ግን ማስረጃ ለሌለው ሰው የወላጅና የአዋላጅ ቃል እንቀበላለን። ያዋለዱት እርስዎ ከሆኑ፣ ሃያ አንድ ሞልቶታል ብለው ከፈረሙ፣ ጥፋት የለም፣ ሱቁም አይታሸግም። ካልሞላው ግን አሥር ቀን ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ ከተደገመ ፈቃዱ ይሰረዛል።»

«አምጣ ልፈርም» አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ። እስክሪብቶውን ያዝኩት።

ሰገነት ያን ጊዜ ደረሰች። ልብስ ከምትሰፋበት ተነሥታ፣ መርፌው ሻሿ ላይ እንደተሰካ ነው የሮጠችው። ክንዴን ይዛ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደችኝ።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱ እኮ የሰኔው ነው።»

በመጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እስክሪብቶውን ዝቅ አደረግሁ።

ልጆቼ፣ የሰገነትን ቤት ሁለት ጊዜ ገብቼበታለሁ። ሁለቱም ጊዜ በሚካኤል ዕለት ነው። አንዱ ዘጠና ስድስት፣ ኅዳር ሚካኤል። ወንድ ልጅ፣ ጥቁር ፀጉሩ እስከ ግንባሩ የወረደ። አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ሳይጠመቅ፣ ስም ሳይወጣለት ሄደ። ለእንደዚያ ዓይነት ልጅ ለቅሶ አንቀመጥም፤ ድንኳን አይተከልም፣ እድር አይጠራም፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚል ሰው እንኳ አይመጣም። እናት በአራስነቷ አልጋ ላይ ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ በቃ። ሁለተኛው ዘጠና ስምንት፣ ሰኔ ሚካኤል። እሱ ነው ይድነቃቸው። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለቱን አንድ አድርጌያቸዋለሁ። እልልታው የኅዳሩ ነው፤ ልጁ የሰኔው ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት።

ሰገነት ሱቁን አየች። ሐቢባ ባንኮኒው ላይ ሁለት እጇን አሳርፋ ቆማለች።

«እማማ፣ ባለቤቴ የሞተ ሰሞን ከቤቴ ያልጠፋችው እሷ ናት። ሱቋ ለዒድ እንዳይዘጋባት። ይፈርሙ። የኅዳሩን ዓመት ለዚህኛው ይስጡት» አለች። «ለእሱ ምን ያደርግለታል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ለአንዲት ትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ። ብፈርም ሐቢባ ትድናለች፣ እናትየዋ ፈቅዳለች፣ እኔም ተሳሳተች አልባልም። አርባ ዓመት ያልተሳሳተ ጭንቅላቴ እንዳልተሳሳተ ይኖራል። ማንም አይጎዳም።

ከዚያ ያ ሕፃን ትዝ አለኝ። ከእናቱ ቀጥሎ ዓይኑን ያየሁት እኔ ነኝ። ስም የለው፣ ክርስትና የለው፣ መቃብሩ ላይ ድንጋይ የለው። በዚህ ምድር ላይ የእሱ ነው የሚባል ንብረት የተወለደባት ቀን ብቻ ናት። እሷንም የማውቅለት እኔና እናቱ ነን። ያቺን ቀን ከእሱ ወስጄ ለአንድ ፓኮ ሲጋራ ልሰጣት ነው? ሕጉስ ቢሆን ለማን ወጣ? ለዚህ ጺሙን ቀድሞ ላበቀለ ልጅ አይደለም?

«አይሆንም፣ ሰገነት» አልኳት። «እሱም ልጄ ነው።»

ተመልሼ እስክሪብቶውን ለኦልያድ ሰጠሁት። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ልጄ፣ ተሳስቻለሁ። ይህ ልጅ ዘጠና ስምንት፣ ሰኔ ሚካኤል ነው የተወለደው። አሥራ ስምንት ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ነው። የኅዳር ሚካኤሉ ታላቅ ወንድሙ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ዐረፈ። እኔ የእሱን ዕድሜ ለዚህኛው ሰጥቼ ሐቢባን አሳስቻታለሁ። የሚቀጣ ካለ እኔ ነኝ።»

ይድነቃቸው ወደ እናቱ ዞረ።

«ወንድም ነበረኝ?»

ሰገነት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ያ ቁመት ሁሉ ወደ እሷ ጎንበስ አለና ትከሻዋን ያዛት። ከዚያ ቀና ብሎ ኦልያድን፣ «እኔንም ጻፈኝ» አለው። «ዕድሜዬን አውቅ ነበር። እማማ ‹ሞልቶታል› ሲሉ ደስ አለኝና ዝም አልኩ።»

ሳይዋሽ ማምለጥ የሚችል ልጅ ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ተናገረ።

«ሕጉ የሚቀጣው ገዢውን ሳይሆን ሻጩን ነው» አለ ኦልያድ፤ ፊቱ ላይ ከባድ ሥራ የያዘ ሰው ገጽ ነበር። «እማማን የምቀጣበት አንቀጽ የለኝም። ሐቢባ...»

«ገባኝ» አለች ሐቢባ። «መቼም ካርቶኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሸጉት።»

የሚበላሸውን ቲማቲምና ሙዝ አወጣች፣ በሩን ዘጋች። ኦልያድ የማሸጊያውን ወረቀት ሲለጥፍ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ እያነሣ አስቸገረው። ሐቢባ ሄዳ አንደኛውን ጫፍ ያዘችለት።

«ደህና አድርገህ ለጥፈው። ንፋሱ ሲገነጥለው ሐቢባ ቀደደችው ትላላችሁ።»

ኦልያድ ጥጎቹን በመዳፉ ጫን አደረጋቸው። ሲጨርስ፣ «እትዬ፣ እንደዚህ የታሸገ ሱቅ አይቼ አላውቅም» አለ።

«እኔም ታሽጌ አላውቅም» አለች።

ሲሄዱ ከግንቡ ሥር አብረን ተቀመጥን። አንገቴን ቀና ማድረግ አፈርኩ።

«ሐቢባ፣ ዒድሽን አበላሸሁብሽ። ብፈርም ይቀርልሽ ነበር።»

«እማማ፣ ሰገነት ምን እንዳለችዎ ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ባለሱቅ ነው። ፈርመው ቢሆን ወላሂ ዳግመኛ አንገቴን ወደ እርስዎ አላዞርም ነበር።» ቀጥላም፣ «ያ ልጅ ስም የለውም?» አለች።

«የለውም።»

«አላህ ያውቀዋል» አለች።

በዚያ አሥር ቀን ውስጥ ያየሁትን ሠፈር ከዚያ በፊት አላየሁትም። አቶ ጸሐዬ የእድሩን አግዳሚ ወንበር አስወጥተው ከታሸገው በር ፊት ለፊት አስቀመጡ። ሰው ከሥራ ሲመለስ ጎራ ይላል፤ ሙስሊሙ ለማፍጠሪያ የሚቆረስ ይዞ ይመጣል፤ የእኛ ጾመኛም ሽሮውን ይዞ ይመጣል። የሐቢባ ተምር ከታሸገው በር በስተኋላ ቢቀርም ለዒድ ሊገዙላት ያሰቡት ሁሉ ዒዱ ካለፈ በኋላ እንደሚገዙ ነገሯት። ሌሎቹ ባለሱቆችም አንድ በአንድ ካርቶን ቀደዱ። አንደኛው የሐቢባን ቃል ሳይለውጥ ገልብጦ «አታልቅሱብን» ሳይቀር ጻፈው። ሱቁ ሲከፈት ሁለተኛ ካርቶን ተጨመረ፤ «መታወቂያ የሌለው አይጠይቅ። እማማ ጡረታ ወጥተዋል።»

ጡረታዬን በደስታ ተቀበልኩ። አንድ ሥራ ግን ቀረኝ፤ ለይድነቃቸው የልደት ካርድ ማውጣት።

ግንቦት ላይ አራት ሆነን ወረዳ ሄድን። ሰገነትና ልጇ፣ ምስክሮች እኔና አቶ ጸሐዬ። መዝጋቢዋ ዶርቃ የምትባል ወጣት ናት፤ ጣቶቿ ኮምፒዩተሩ ላይ ይሮጣሉ፣ ቀና አትልም። የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የተወለደበት ቀን። እኔን ጠየቀችኝ፤ ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ዘጠና ስምንት አልኩ፣ ቃል በቃል፣ ረጋ ብዬ።

«ስንተኛ ልጅዎ ነው?» አለች ሰገነትን።

ሰገነት ለዚህ ጥያቄ ይድነቃቸው ከተወለደ ጀምሮ አንድ መልስ ነበራት። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለቀበሌ፣ «አንድዬ ነው፣ የመጀመሪያዬ» ትል ነበር። ልጇ ጎንበስ ብሎ አያት። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወገቧን ቀና አደረገች።

«ሁለተኛ ነው» አለች።

«የመጀመሪያውስ?»

«ወንድ ነበር። በዘጠና ስድስት ኅዳር ሚካኤል ተወልዶ በአሥራ አንድ ቀኑ ዐረፈብኝ።»

የዶርቃ ጣቶች ቆሙ። ቀና አለች፤ ሰገነትን በደንብ አየቻት፤ ከወንበሯ ተነሣች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻት።

«አሜን» አለች ሰገነት። አላለቀሰችም። ፊቷ ያበራ ነበር። አቶ ጸሐዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም እንደ ጎረምሳ ደረቴ ተነፋ፤ አልደብቅም። በዚያች ሴት ኮራሁ፣ በዚያ ልጅ ኮራሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከአፌ በወጣው ስሕተት አላፈርኩም።

ውጭ ስንወጣ ሐቢባ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሱቋን ለግማሽ ቀን ዘግታ መጥታለች። ካርዱን ከይድነቃቸው እጅ ተቀብላ ቀኑን ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ።

«ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ይቀርሃል» አለችው ካርዱን እየመለሰችለት። «እስከዚያ ብስኩት ነው።»

«እትዬ ሐቢባ፣ እኔ እኮ አቁሜዋለሁ» አለ ልጁ።

«እንኳን አቆምክ። ቢሆንም እቆጥራለሁ!»